የነጭ ጠረጴዛ ልብስ ዘመን

በ2004 በኒው ዮርክ ከተማ በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት የፈረንሳይ ምግብ ቤቶች በራቸውን ዘጉ። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ፌብሩዋሪ 14 ቀን «ሉቴስ» ተዘጋ፤ ማርች ሲገባ «ላ ኮት ባስክ» ተከተለ፤ ሜይ ላይ ደግሞ «ላ ካራቬል»። ሦስቱም ከአርባ ዓመት በላይ የቆዩ፣ ፖለቲከኛና ተዋናይ፣ ባለሀብትና ደራሲ ወንበር ለማግኘት ደጅ የሚጠናባቸው ቤቶች ነበሩ። ከዚያ ትውልድ የተረፈው «ላ ግረኑይ» ሃያ ዓመት ያህል እንደ ሥርዓቱ ዘልቆ በሴፕቴምበር 2024 እሱም ተዘጋ። በዲሴምበር 1962 ነበር የተከፈተው።

እነዚህን ቤቶች የሚያስታውሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ምግቡን፣ ወይን ጠጁን፣ ማን ከማን ጋር የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። እኔ ያን ዓለም የማውቀው በጓዳ በር በኩል ነው። በ1980ዎቹ በማንሃተን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከታላላቆቹ ተርታ ባይቆጠርም ሥርዓታቸውን አጥብቆ በያዘ አንድ የፈረንሳይ ምግብ ቤት ሳህን አንሺ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቤቱ ዛሬ የለም። ከዚያ ዘመን የሚናፍቀኝ ቅቤውና ሶሱ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ የአዳራሹ ሰዎች ሙያ ይናፍቀኛል። ምግብ አብሳዩ ዛሬም አለ፤ እንዲያውም ስሙ ከዚያን ጊዜ ይልቅ አሁን ገንኗል። የጠፋው ሥጋውን ከእንግዳው ፊት የሚቆርጠው፣ ዓሣውን ከአጥንቱ የሚለየው፣ የሰውን ምሽት እንደ ራሱ ጉዳይ የሚይዘው አስተናጋጅ ነው። ስለ እሱ የሚጽፍ ብዙ ሰው አላየሁምና ይህ ጽሑፍ ለእሱ ይሁን።

የነገሩ መነሻ 1939 ነው። በዚያ ዓመት ኒው ዮርክ ፍላሺንግ ሜዶውስ በሚባለው ሥፍራ የዓለም ኤግዚቢሽን አዘጋጀች፤ ፈረንሳይም በራሷ አዳራሽ ውስጥ ምግብ ቤት ከፈተች። አብሳዩም አስተናጋጁም ባሕር ተሻግሮ ነበር የመጣው። ከመካከላቸው ፒየር ፍራኔ የሚባለው ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበር። አዳራሹን የሚመሩት ደግሞ አንሪ ሱሌ ነበሩ፤ ቁመታቸው አጭር፣ ዓይናቸው ግን ከበሩ እስከ ጓዳው የሚደርስ ሰው። ኤግዚቢሽኑ ሳያልቅ ጦርነት ፈነዳ፤ በጁን 1940 ፓሪስ በጀርመኖች እጅ ወደቀች። ለአጭር ጊዜ ሥራ የመጡት ሰዎች የሚመለሱበት አገር አጡ። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ለትምህርት ወይም ለአጭር ጉዳይ ወጥቶ፣ አገሩ በሌለበት ተለውጦበት በዚያው የቀረ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ በእኛ ዘንድ ጥቂት ነው።

ሱሌ በኦክቶበር 1941 በ55ኛው መንገድ ላይ «ለ ፓቪዮን»ን ከፈቱ። ኒው ዮርክ ከዚያ በፊትም የፈረንሳይ ምግብ ታውቅ ነበር፤ የአልኮል መጠጥ በአሜሪካ ከተከለከለበት ዘመን ወዲህ ግን እንዲህ ያለ ቤት አልታየም። ክልከላው ከ1920 እስከ 1933 በቆየባቸው ዓመታት ወይን ጠጅ መሸጥ ያልቻሉ ትልልቅ ምግብ ቤቶች አንድ በአንድ ወድቀው ነበር። «ለ ፓቪዮን» ያንን የተሰበረ ልማድ መልሶ አቆመው፤ ቀጥሎም ራሱ ወላጅ ሆነ። በ1957 ሱሌ ቤቱን ወደ 57ኛው መንገድ አዛወሩና በዓመቱ በቀድሞው ቦታ «ላ ኮት ባስክ»ን ከፈቱ። በ1960 ከእሳቸው ዘንድ የወጡ ሰዎች ተባብረው «ላ ካራቬል»ን አቆሙ። የ«ላ ግረኑይ» መሥራች ሻርል ማሶንም ሙያውን ያጠናከረው በሱሌ አዳራሽ ነው። ሱሌ በ1966 ሞቱ፤ «ለ ፓቪዮን»ም ከእሳቸው በኋላ ብዙ አልቆየም። ደቀ መዛሙርቱ ግን ለአርባ ዓመት ያህል የከተማይቱን ገበታ ገዙት።

የአዳራሹ ሠራተኞች ከየት እንደሚመጡ ስጠይቅ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ስም ነበር፦ ጉሬን። በፈረንሳይ ምዕራብ፣ በብረታኝ የምትገኝ ትንሽ የገበሬ ከተማ ናት። ከእሷና ከአካባቢዋ መንደሮች ለበርካታ አሥርት ዓመታት ወጣቶች ወደ ኒው ዮርክ እየፈለሱ በምግብ ቤቶች ተቀጥረዋል፤ ዛሬም በከተማይቱ አደባባይ የኒው ዮርክዋ የነፃነት ሐውልት ትንሽ አምሳያ ቆማለች። አንዱ ሲደርስ ወንድሙን ያስመጣል፣ ወንድሙ የአክስቱን ልጅ። እሑድ እሑድ ተሰባስበው ይበላሉ፣ ገንዘብ ለወላጆቻቸው ይልካሉ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ያዋጣሉ። ከእነሱ ጋር መሥራት ስጀምር ስለ ስደት ያስተማሩኝ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ኑሯችን አንድ ነበርና ቶሎ ተግባባን።

የኔ አለቃ የነበሩት ካፒቴን ከዚያው አካባቢ የመጡ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ካፒቴን የሚባለው የጥቂት ጠረጴዛዎች ኃላፊ ነው፤ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ሥጋ ይቆርጣል፣ ሶስ ይቀምማል። በሥሩ አንድ አስተናጋጅና አንድ ሳህን አንሺ አሉት። እኔና አንድ ያገሬ ልጅ በአዲስ አበባ ልማድ ሙሴ (ሙስዩ ለማለት) እንላቸው ነበር፤ እሳቸውም ወደውት ነበር። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ትምህርት ስለ ውሃ ነው። «እንግዳው ውሃ ከጠየቀህ ዘግይተሃል» አሉኝ። ብርጭቆው ከግማሽ በታች ከመውረዱ በፊት ማየት፣ ከወንበሩ በስተቀኝ መቅረብ፣ ጨዋታ ሳያቋርጡ መሙላት፣ ሳይታዩ መሄድ። ይህን በትክክል ለመሥራት ብዙ ወር ፈጀብኝ። ጠረጴዛውን ሳላፈጥ ማየት መልመድ ነበረብኝ።

ሥራው የሚጀመረው እንግዳ ከመግባቱ ከብዙ ሰዓት በፊት ነው። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ሳህንና ሹካ ሲቀመጥ ድምፅ እንዳያሰማ ነው። በላዩ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ይለብሳል፤ እጥፋቱ መሐል ለመሐል መዋሉ በዓይን ይለካል። ብርጭቆው በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ተይዞ በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል፤ ብሩ በብር መወልወያ ይታሻል። ከዚያ በኋላ፣ በራችን ከመከፈቱ በፊት፣ ሁላችንም ከአለቃ እስከ ዕቃ አጣቢ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን እንበላለን። ለሠራተኛ የሚበስለው ምግብ ከትናንት የተረፈ ሥጋ፣ ድንችና ሰላጣ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋና ቅቤ እንደማልበላ ለዋናው አብሳይ ነገርኳቸው። ቅቤ የሁሉ ነገር መጀመሪያ በሆነበት ማድ ቤት ይህ ከባድ ልመና ነበር። እሳቸው ግን አንድም ነገር ሳይሉ በየቀኑ ትንሽ ድስት ለብቻዬ ይጥዱልኝ ጀመር፦ የአገራቸው አረንጓዴ ምስር፣ ካሮትና ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይት። ጾሙ እስኪፈታ ድረስ አንድ ቀን እንኳ አልረሱኝም። ቤቱ እንግዳ የሚያስተናግድበትን መንፈስ የተረዳሁት ከዚያ ድስት ነው። ለሠራተኛው እንዲህ የሚያስብ አብሳይ ለከፋዩ ምን ያህል እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

አሁን ስለ ሶል ልናገር። ሶል ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ነው፤ ሙሉውን በዱቄት ተነክሮ በቅቤ ይጠበሳል። ካፒቴኑ ዓሣውን በትሪ ይዘው ይመጡና መጀመሪያ ለእንግዳው ያሳያሉ፤ ከዚያ ከጠረጴዛው ጎን ወደቆመው ባለመንኮራኩር ጋሪ ይመለሳሉ። ጋሪው ላይ ትንሽ የአልኮል ምድጃ ይነድዳል። በአንድ እጃቸው ማንኪያ፣ በሌላው ሹካ ይይዛሉ። በዓሣው ግራና ቀኝ ዳር ያሉትን ቀጫጭን የክንፍ አጥንቶች በማንኪያው ጠርዝ ገፋ አድርገው ያወጣሉ። ቀጥለው ማንኪያውን ከራሱ በታች አንሥተው በአከርካሪው መሥመር እስከ ጅራቱ ያስኬዱታል። የላይኛው ሥጋ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ያደርጉታል። አጥንቱ ራቁቱን ይታያል። ሹካውን ከጅራቱ በኩል ከሥር አስገብተው ቀስ ብለው ሲያነሡት አከርካሪው ከነጎኑ ሙሉ ሆኖ ይነሣል፤ አንዲት ዘለላ ሥጋ አትከተለውም። አራቱን ቁራጭ መልሰው በሙቅ ሳህን ላይ ይገጥሙታል። ትኩስ ቅቤ በምድጃው ላይ አረፋ ሲያወጣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ የተከተፈ ፓርስሊ ይነሰነስበታል፣ ከዓሣው ላይ ይፈሳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ካፒቴኑ እጃቸውን የሚያዩ አይመስሉም ነበር። ጨዋታቸው ከእንግዳው ጋር ነው፤ ልጅ ስንተኛ ክፍል ደረሰ፣ ያ የታመመው ወንድም እንዴት ሆነ። በዙሪያው ያሉት ጠረጴዛዎች ወሬያቸውን አቁመው ያያሉ። ዓሣው ሳህኑ ላይ ሲቀመጥ ገና እንፋሎት አለው። ከዚያ ወዲህ በጣም የተደነቁ ምግቦች ቀርበውልኛል፤ ከጓዳ ተዘጋጅተው፣ በሳህን ላይ ተስለው የመጡ። አንዳቸውም ግን ለእኔ ተብሎ ከፊቴ የተሠራ ሆኖ አልተሰማኝም።

ማድ ቤቱም በራሱ ሌላ ዓለም ነበር። በ1903 ኦጉስት ኤስኮፊዬ የፈረንሳይን አበሳሰል በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰብስቦ አውጥቷል፤ አብሳዮችን በየሥራ ክፍላቸው እንደ ጦር ሠራዊት ያደራጀበት ሥርዓትም በየአገሩ ተሰራጭቷል። አንዱ ለሶስ፣ አንዱ ለዓሣ፣ አንዱ ለጥብስ፣ አንዱ ለጣፋጭ። በእኛም ቤት ጠዋት የሚመጣው የሶስ ሰው የጥጃ አጥንት ምድጃ ውስጥ ከትቶ ቡናማ እስኪሆን ይጠብሰዋል፤ ከሽንኩርትና ከካሮት ጋር በትልቅ ድስት ይጥደዋል፤ ቀኑን ሙሉ በለሆሳስ ሲንተከተክ አረፋውን እየገፈፈ ይጥላል። ማታ ያ ድስት ሙሉ ውሃ ወፍሮና ጠቁሮ ጥቂት ብርጭቆ ይሆናል። ሱፍሌ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። የእንቁላል ነጭ ተመትቶ፣ በምድጃ ውስጥ ከሳህኑ አፍ በላይ የሚያብብ ጣፋጭ ስለሆነ ሲወጣ ወዲያው መበላት አለበት። ስለዚህ ካፒቴኑ ገና ትእዛዝ ሲቀበሉ፣ ሾርባው እንኳ ሳይመጣ፣ «ሱፍሌ ይፈልጋሉ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ዋናው ምግብ የሚነሣበትን ደቂቃ ከአሁኑ አስልተው ለጓዳ ይነግራሉ። ጓዳውና አዳራሹ እንዲህ በአንድ ሰዓት ነበር የሚተነፍሱት።

ከዚያ ትውልድ ሁሉ ስማቸው በአክብሮት የሚነሣው አንድሬ ሶልትነር ናቸው። በ1932 አልዛስ ውስጥ ታን በምትባል ከተማ ተወለዱ፤ በ1961 አንድሬ ሱርማን «ሉቴስ»ን ሲከፍቱ ከፓሪስ አስመጥተው ማድ ቤቱን ሰጧቸው። በኋላ ቤቱ የራሳቸው ሆነ። ከባለቤታቸው ከሲሞን ጋር የሚኖሩት ከምግብ ቤቱ በላይ በዚያው ሕንፃ ነበር። እሷ ከታች እንግዳ ትቀበላለች፣ ሒሳብ ትይዛለች፤ እሳቸው ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ ከጓዳ ወጥተው በየጠረጴዛው ይዞራሉ። በሥራ ቀን ከቤታቸው አይታጡም። በቴሌቪዥንና በሌላ ከተማ አዳዲስ ቅርንጫፍ በመክፈት የሚታወቅ የአብሳይ ዝና በዙሪያቸው ሲያድግ እሳቸው አንድ ቤት፣ አንድ ምድጃ ይዘው ቆዩ። የአልዛስን የሽንኩርት ታርት ለባለሚሊዮኑም ለተማሪውም በአንድ እጅ ነበር የሚያቀርቡት። በ1994 ቤቱን ሸጡ፤ ገዢዎቹ አሥር ዓመት ይዘውት በመጨረሻ ዘጉት። ሶልትነር በጃንዋሪ 2025፣ በ92 ዓመታቸው አረፉ።

«ላ ግረኑይ» በበኩሉ የአበባ ቤት ነበር። ሻርል ማሶንና ባለቤቱ ዢዜል በ52ኛው መንገድ ላይ የከፈቱት ይህ ቤት ከመግቢያው ጀምሮ ከሰው ቁመት በላይ በሚያድግ አበባ ይታወቅ ነበር። በፎቁ ላይ በአንድ ወቅት ሰዓሊው ቤርናር ላሞት ይሠራበት የነበረ ክፍል አለ፤ በጦርነቱ ዓመታት ወዳጁ ደራሲው ሳንቴግዙፔሪ ይመላለስበት ነበር። ሻርል በ1975 ሲሞት ቤቱን እናትና ልጆች ተረክበው ያዙት። ከስድሳ ዓመት በላይ አንድ ቤተሰብ አንድን አዳራሽ እንደያዘ መቆየቱ በማንሃተን ብርቅ ነው። በጠረጴዛው ላይ ያለው ትንሽ መብራት እንኳ ለፊት እንዲያምር ተብሎ ተመርጦ ነበር። ሰው ደስ ብሎት እንዲወጣ ብለው እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ላይ ዕድሜያቸውን ያጠፉ ሰዎች ነበሩ።

የዚህ ገበታ ጥላ እኛንም ነክቶናል። የኬኔዲ ቤተሰብ የ«ላ ካራቬል» ደንበኛ ነበር፤ ጆን ኬኔዲ ፕሬዚዳንት ሲሆን በ1961 ፈረንሳዊው ሬኔ ቬርዶን የዋይት ሐውስ አብሳይ ሆነው ተቀጠሩ። ኦክቶበር 1 ቀን 1963 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለይፋዊ ጉብኝት ዋሽንግተን ሲገቡ በዚያው ምሽት የተዘጋጀላቸው ግብዣ ቬርዶን ከሚመሩት ማድ ቤት የወጣ ነው። በዚያን ዘመን የመንግሥታት ገበታ በዓለም ዙሪያ የሚናገረው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በእኛም ከተማ የፈረንሳዮች ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ ለገሃር አጠገብ «ቡፌ ደ ላ ጋር» የሚባል ቤት ነበር። የነጭ ጠረጴዛ ልብስና የተወለወለ ብርጭቆ በመስኮት ያየሁት መጀመሪያ እዚያ ነው።

ስለ ያለፈ ነገር ስንጽፍ ክፉውን መሸፈን ደግ አይደለም። የአዳራሹ አለቃ እንግዳ የሚያስቀምጠው በቤተ መንግሥት ግብር ላይ አጋፋሪ እንደሚያደርገው ነበር፤ ለባለስሙ ከበሩ አጠገብ ያለውን የሚታይ ወንበር፣ ለማያውቀው ከጓዳው በር ሥር ያለውን። ሱሌ በዚህ የታወቁ ነበሩ። ወንድና ሴት አብረው ሲመጡ ለሴቷ ዋጋ የሌለበት ሜኑ ይሰጣት ነበር። በማድ ቤቱ ሴት አብሳይ ማየት ብርቅ ነበር። ሥራው ረጅም፣ ጩኸቱ ብዙ ነው። በ1960 አብሳዮቹ ፒየር ፍራኔና ወጣቱ ዣክ ፔፓን «ለ ፓቪዮን»ን ጥለው የወጡት በሠራተኛው ጉዳይ ከሱሌ ጋር በተፈጠረ ግጭት ነው። ፔፓን የዋይት ሐውስን ጥሪ እንኳ ትቶ «ሃዋርድ ጆንሰንስ» ወደሚባለው የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ድርጅት ገባ። ይህ ሁሉ ቢቀር ማንም አያለቅስም። የኔ ቅሬታ ገለባው ሲጣል ፍሬውም አብሮ መጣሉ ነው።

ለምን ተዘጉ? አንደኛው ምክንያት ምሳ ነው። ቤቶቹ ቀን የሚሞሉት ደንበኞቻቸውን በሚጋብዙ ነጋዴዎች ነበር፤ የግብር ሕጉም ወጪውን ያቃልልላቸው ነበር። በ1986 በወጣው የግብር ማሻሻያ ከታክስ የሚቀነሰው የግብዣ ወጪ ወደ 80 በመቶ ወረደ፤ በ1993 ደግሞ ወደ 50 በመቶ። ኩባንያዎች እጃቸውን ሰበሰቡ፤ የሥራ ሰውም ረጅም ምሳና ወይን ጠጅ ተወ። የማንሃተን ኪራይ ግን አልቆመም። ለአራትና ለአምስት ጠረጴዛ ሦስት ሰው የሚያሰልፍ ቤት ግማሽ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሊኖር አይችልም።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው ምንጭ መድረቁ ነው። ብረታኝ በለጸገች፤ የገበሬው ልጅ ባሕር መሻገር አላስፈለገውም። እዚህ የተወለዱት የካፒቴኖቹ ልጆችም መምህርና መሐንዲስ ሆኑ፤ አባቶቹም የደከሙት ለዚያ ነው። በኛም ማኅበረሰብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሙያውን የሚረከብ ሳይመጣ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ጡረታ ወጡ።

ሦስተኛው ምክንያት የመጣው ከፈረንሳይ ነው፤ ከሁሉ የከበደውም እሱ ይመስለኛል። በ1973 አንሪ ጎና ክርስቲያን ሚዮ የተባሉ የምግብ ጸሐፊዎች ለአዲሱ የአብሳዮች ትውልድ አሥር ትእዛዝ አወጡ፦ አበሳሰሉን ማቅለል፣ በዱቄት የወፈረ ሶስ መተው፣ ሜኑውን ማሳጠር። ትክክል ነበሩ፤ የድሮው ሶስ በእርግጥም ብዙ ጊዜ ምግቡን ያፍነው ነበር። ነገር ግን ከአዲሱ አበሳሰል ጋር አዲስ አቀራረብ መጣ። ምግቡ ጓዳ ውስጥ በሳህን ላይ ተዋቅሮ የሚወጣ ሆነ። አብሳዩ ሥዕሉን እዚያው ጨርሶ ስለሚልክ ለካፒቴኑ የቀረው ተሸክሞ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ጋሪው ከአዳራሹ ወጣ። ጋሪው ሲወጣ ማንኪያና ሹካ ይዞ ተአምር የሚሠራው እጅ ሥራ ፈታ። እንግዳውም ዓይኑን ከአስተናጋጁ ወደ አብሳዩ አዞረ፤ ክብሩም ደመወዙም ተከትለውት ሄዱ።

ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ወጣቱ ከረባት አስሮ ሦስት ሰዓት መቀመጥ አልወደደም። በካሊፎርኒያ ከ1971 ጀምሮ «ሼ ፓኒስ»ን የመሰሉ ቤቶች የሠፈሩን አትክልት በቀላል አቀራረብ ማቅረብ ክብር እንደሆነ አሳዩ። የጣልያን፣ የጃፓን፣ የእኛም ምግብ ተወደደ። በ2003 የኢራቅ ጦርነት ሲመጣ በአሜሪካ ምክር ቤት ካፍቴሪያ የድንች ጥብስ ላይ የፈረንሳይ ስም እስከመፋቅ የደረሰ ቁጣ ተነሣ፤ ለደከሙት ቤቶች ይህ ተጨማሪ ምት ነበር። በፈረንሳይም ቢሆን ነፋሱ አልቀረም። አላን ሳንደራንስ በ2005 የሚሽላንን ሦስት ኮከብ በፈቃዳቸው ትተው ቤታቸውን ቀለል አደረጉ፤ ከ1965 ጀምሮ ሦስት ኮከብ የያዘው የፖል ቦኩዝ ቤትም እሳቸው ከሞቱ በኋላ፣ በ2020፣ አንዱን አጣ።

የማድ ቤቱ ሙያ ግን አልሞተም። ኤስኮፊዬ ጽፎታል፤ ሶልትነርና ፔፓን ከምድጃው ከወረዱ በኋላ በ1984 በኒው ዮርክ በተቋቋመው የፈረንሳይ አበሳሰል ትምህርት ቤት ወጣት አስተምረዋል። ዛሬ በየትኛውም ከተማ ያለ አብሳይ ሶሉን መጥበስ ቢፈልግ መጽሐፍ አለው፣ ፊልም አለው፣ መምህር አለው። ዓሣውን ከእንግዳው ፊት የሚለየው ሰው ሙያ ግን፣ ቢያንስ በኒው ዮርክ፣ ከሽማግሌው እጅ ወደ ወጣቱ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ሙያ በልብ ነው እንላለን፤ የእነዚህ ሰዎች ሙያ በልብ እንደሆነ ቀረ።

ፈጽሞ ተስፋ የለም ማለቴ አይደለም። በ1937 የተከፈተው ትንሹ «ለ ቮ ዶር» በ2024 በአዳዲስ ባለቤቶች እጅ እንደገና በሩን ከፍቷል፤ «ለ ቤርናርዳን»ም ከ1986 ጀምሮ እንደቆመ አለ። ወጣት ባለምግብ ቤቶችም ጋሪውን ወደ አዳራሽ እየመለሱ ነው። ደስ ይለኛል። ነገር ግን ጋሪ መግዛት ቀላል ነው፤ ጋሪው አጠገብ የሚቆመውን ሰው ለማፍራት ግን ዓመታት ያስፈልጋሉ። ሥራውን ኮሌጅ እስኪጨርሱ ድረስ የሚያዝ ጊዜያዊ መተዳደሪያ አድርጎ የሚያይ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው አያፈራም።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው በምክንያት ነው። ከዋሽንግተን እስከ ዱባይ፣ በአዲስ አበባ አዳዲስ ሆቴሎችም፣ ብዙ የአገሬ ልጆች ትሪ ይዘው ይቆማሉ። እንግዳ መቀበልን ከእናቶቻቸው ቤት ይዘውት የመጡ ናቸው፤ የሚጎድላቸው ያንን ጠባይ ወደ ሙያ የሚያሳድግላቸው ሰው ነው። በየሆቴሉ ጥግ ሥጋ መቁረጥ፣ ዓሣ መለየት፣ ወይን ጠጅ ማሳለፍ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ካሉ ጡረታ ሳይወጡ አጠገባቸው ተማሪ ይመደብ፣ ሥራቸው ይቀረጽ፣ ይጻፍ። ባለሆቴሎችም ለአብሳዩ የሚከፍሉትን ክብር ለአስተናጋጁ ይክፈሉ፤ ደመወዙንም ጭምር። ማስተናገድ እንደ ማብሰል ሁሉ የዕድሜ ልክ ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ የሚኖረው የሚያስተምረው፣ የሚማረውና የሚከፍልበት ሰው ሲኖር ብቻ ነው።